«ማንኬ» በክሊኒኩ በር

ስማ፣ ሰፊው የሰቆጣ ሕዝብ! የክሊኒካችን ዘበኛ በፈረንሳይኛ ላይ ዘምቷል!

የካፖርቱ ቁልፍ ረግፏል፤ ጥምጥሙ ግን ጸዓዳ ነው። የቅኔ ቤት ሰው ነውና በሩ ላይ እየተወዛወዘ «ማንኬ» የምትባል ግራ አጋቢ የፈረንሳይ ግስ በዜማ ያወርዳል፦ «ማንኬ፣ ጎደለ! ማንኬ፣ ሳተ! ማንኬ፣ አመለጠ! ማንኬ፣ ናፈቀ!» ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ይቀበለዋል።

«የኔታ፣ የትኛውን ፈልገው ነው?» አልሁት።

«ሁሉንም፣ ልጄ! ፈረንሳዊቷ ነርስ ከሄደች ወዲህ ሁሉም ደርሶብኛል። ዛሬ ትመለሳለች!»

የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ጥምጥሙን አቃንቶ ተንደርድሮ በሩን ከፈተ፤ እሷም እየሳቀች ወረደች። ያ ሁሉ ዜማ ጠፍቶት «ማን… ማን…» ይላል።

አንባቢ ሆይ፣ ግሷን እንግዲህ አንተም ታውቃታለህ፤ እባክህ ከኋላው ጠጋ በልና በጆሮው…