ፔዳሉን ለማስቆም

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከፊተኛው ክፍላችን መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ትክ ትክ ትክ ይላል። ከመኪናው በላይ፣ የክር ጥቅልና የቁልፍ ቆርቆሮ በተደረደረበት መደርደሪያ ላይ፣ ሬዲዮ አለ። እናቴ ሬዲዮ የምትሰማው በጆሮዋ አይደለም፤ በእግሯ ነው። ዘፈኑ ተራ ከሆነ እግሯ ፔዳሉን እየረገጠ ይቀጥላል። ግጥሙ ጠጋ ብሎ ልቧን ከነካት ግን እግሯ ቀጥ ይላል። መኪናው ዝም፣ ቤቱ ዝም። ጨርቁን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ መስኮቱ ታያለች። ስንኙ ሲያልቅ «ኤዲያ!» ትልና፣ ትክ ትክ ትክ።

እኔ ይህን እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ተጫዋች፣ ሹፌር፣ ሐኪም እንሆናለን ሲሉ የኔ ምኞት ያን ፔዳል ማስቆም ብቻ ነበር። ስለ ጨረቃ ጻፍኩላት፤ ትክ ትክ። ስለ እናት ፍቅር ጻፍኩላት፤ «ጎሽ የኔ ጌታ» አለችኝ፤ ትክ ትክ። ስለ ሞት ስጽፍ «ምሳ በልተሃል ግን?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ከአፌ ሳወጣ ፔዳሉ ቆመ። «ነካኋት!» አልኩ። ለካ በሬዲዮው የበረሮ መድኃኒት ማስታወቂያ እየተላለፈ ኖሯል። በበረሮ መድኃኒት የቀና ገጣሚ ከኔ ሌላ ካለ አስተዋውቁኝ፤ ማኅበር እናቋቁማለን።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊልም ማጥናት ጀመርኩ። በመጨረሻው ዓመት መምህራችን «በቡድን ሆናችሁ፣ በኢንተርኔት የሚታይ ባለ ሦስት ክፍል ድራማ ሠርታችሁ ታመጣላችሁ። መመረቂያችሁ እሱ ነው» አሉን። ሌላው ተማሪ ስለ ምርቃቱ ሲጨነቅ እኔ የታየኝ እግር ነው። የእናቴ እግር፣ ፔዳሉ ላይ ቀጥ ብሎ።

ቡድናችን አራት ሰው ነበር። ዳይሬክተራችን ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ነጎድጓድ የሆነ ልጅ ናት፤ አለቃ እንላታለን። ካሜራው የእሷ ነው፤ ከአባቷ የወረደ፣ ዓይን እንጂ ጆሮ የሌለው አሮጌ ካሜራ። ማይክሮፎኑ ድሮ ስለሞተ ድምፁን ለብቻ የሚቀዳ ሰው አስፈለገን። ረጅሙን መረጥነው። ስለ ድምፅ ያውቃል ብለን እንዳይመስላችሁ፤ ማይክ በመወልወያ እንጨት ጫፍ አስሮ ከተዋናዮቹ አናት በላይ ለመያዝ ከሱ የተሻለ ክንድ ስላልነበረ ነው። መቅረጫው አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ትንሽ ነገር ናት፣ አንድ ቁልፍና አንዲት መብራት ያላት። መሪ ተዋናያችን ሳቂታ ናት፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ልጅ። እኛም ልጇ ጥሏት የሄደባትን ልብስ ሰፊ እናት፣ ከሁሉ በላይ ሐዘንተኛዋን፣ ለእሷ ሰጠናት። ደራሲው እኔ ነኝ። እኔን አዝማች ይሉኛል፤ ያልኩትን ሁለት ጊዜ ስለምል ነው። ሁለት ጊዜ ስለምል።

የድራማውን ርዕስ «እንባ በመርፌ አይሰፋም» አልኩት። ሦስቱንም ክፍል በግጥም ጻፍኩት። እናትየዋ በግጥም ታለቅሳለች፣ ልጁ በግጥም ይኮበልላል፣ ሐኪሙ ሳይቀር ምርመራውን በግጥም ነው የሚናገረው፦

ልብሽን አየሁት ጓዳው ድረስ ወርጄ፣
የሚድን አይደለም፣ ምን ላድርግሽ ልጄ?

አለቃ ይህን አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አዝማች፣ አንተ ታመህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ሐኪሙ ዘፈነልህ?»

«ይሄ ኪነ ጥበብ ነው» አልኳት። «ኪነ ጥበብ ነው።»

«በል እንግዲያው ሐኪሙን ራስህ ተጫወተው። ሰው ፊት ይህን የሚል ሌላ ሰው አላገኝም።»

ቀረጻው እኛ ቤት ሆነ፤ የስፌት መኪና ያለው እዚያ ነዋ። እናቴ ጨርቅ ልትገዛ ወይም የሰፋችውን ልታደርስ ስትወጣ እየጠበቅን ጠዋት ጠዋት እንገባለን። ሳቂታ ከመኪናው ኋላ ትቀመጣለች፣ አለቃ «ጀምሩ!» ትላለች፣ ረጅሙ ቁልፉን ይጫናል፣ ሳቂታ ታለቅሳለች፦

ደመና መሰለኝ በደጄ ያለፈው፤
ለካ ልጄ ኖሯል ልቤን ያረገፈው።

«ያረገፈው» ላይ ስትደርስ ትስቃለች። «ቁሙ!» ይባላል። ረጅሙ እንደገና ቁልፉን ይጫናል። ውሃ እንጠጣለን፣ እንሰዳደባለን፣ ሳቂታ «እሺ አሁን አልስቅም፣ የናቴን ሞት!» ትላለች፤ ደግሞ «ጀምሩ!»፤ ደግሞ ሳቅ።

ከመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች በአንዱ ረጅሙ ጎንበስ ብሎ «እስካሁን የተቀዳውን ትንሽ እንስማው እንዴ?» ብሎኝ ነበር። እኔ ምን አልኩት? «ድምፅ ነፍስ ነው፣ ወንድሜ። ነፍስ አይፈተሽም» አልኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ስናገር አንገቴን ትንሽ ዘንበል አደርጋለሁ። ረጅሙም የዋህ ነውና ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ።

ነፍስ መፈተሽ እንዳለባት ያወቅነው ለመምህራችን ልናሳይ አንድ ቀን ሲቀረን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍተን ድምፁን ከምስሉ ልናጋጥም ተቀመጥን። ከመቅረጫው መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የአለቃ «ቁሙ!» ነበር። ቀጥሎ የሳቂታ ሳቅ። ቀጥሎ ውሃ ሲቀዳ። ቀጥሎ እኔ፣ ማንም አይሰማኝም ብዬ፣ የራሴን ግጥም በራሴ ዜማ ሳንጎራጉር። ቀጥሎ «ጀምሩ!»፤ ከዚያ ምንም። ከዚያ ደግሞ «ቁሙ!» እና ሳቅ። ሌላውን ፋይል ከፈትን፤ ያው። ሌላውን፤ ያው። ሦስት ክፍል ድራማ ሠርተን አንዲት ቃለ ተውኔት አልነበረንም። በመሐል ያወራነው ወሬ ግን ትንፋሹ ሳይቀር ጥርት ብሎ ተቀድቷል።

«ረጅሙ» አለች አለቃ፣ ነጎድጓዱ ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም፤ «መብራቷ ቀይ ስትሆን ምን ማለት ነው?»

«ቁም ማለት ነዋ» አለ ረጅሙ። «ቀይ መብራት ቁም ማለት አይደል? ስትቀዱ ቀይ እንዳይበራ ስንቴ ተጠንቅቄያለሁ መሰለሽ!»

ሳቂታ እንኳ አልሳቀችም። እንዲያውም ያን ቀን ነው ሐዘን መጫወት እንደምትችል ያየሁት።

«እንደገና ድምፁን ብቻ እንቅዳ» አልኩ። «እኛ ቤት ጨርቅ ሞልቷል፣ ማሚቶ አይኖርም። ማሚቶ አይኖርም።»

ተሯሩጠን ሄድን። እናቴ ከሰማያዊ የተማሪ ዩኒፎርም ክምር ኋላ ተቀምጣ ትክ ትክ ታደርጋለች።

«እማዬ፣ ለትንሽ ጊዜ መኪናውን አቁሚልኝ፣ በሞቴ።»

«ልጆቹ ራቁታቸውን ይማሩ?»

«እማዬ፣ ካልመረቅኩ እኮ ዕድሜ ልኬን እዚሁ ተቀምጬ ግጥም ሳነብልሽ ልኖር ነው!»

እግሯን ቶሎ አነሳች። ፔዳሉ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ነገር በግጥም ሳይሆን በማስፈራሪያ ተፈጸመ።

ሳቂታ የጨርቅ ጥቅል መሐል ቁጢጥ ብላ አነበበች፤ መብራቷ አሁን ቀይ ናት፣ ሁላችንም አፍጥጠን እናያታለን። የኔ ስንኞች አንድ በአንድ ወረዱ፤ ደመናው፣ ደጁ፣ የረገፈው ልብ። እናቴ ወንበሯ ላይ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ነክቷታል ማለት ነው ብዬ ረጅሙን በክርኔ ጎሰም አደረግሁት። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ፣ ልጁ ከእናቱ በሚለያይበት፣ ደራሲው እኔ ራሴ ስጽፈው ባለቀስኩበት ቦታ፣ እናቴ አንኮራፋች። በሥርዓቱ የተቀዳው የመጀመሪያ ድምፃችን እሱ ነው።

የተቀዳውን ከምስሉ ጋር ስናጋጥመው አፍና ድምፅ እንደተጣሉ ጎረቤቶች ሆኑ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሳቂታ ምስሉ ላይ አፏን ዘግታ ሳለች ድምፅዋ ያለቅሳል። አለቃ ጭንቅላቷን ይዛ ቆየችና ድንገት የድሮውን፣ የመሐል ወሬ ያለበትን ፋይል መልሳ ከፈተች። ዝም ብላ ትሰማ ጀመር። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ መልሳ ትሰማለች። አንዱ ቁራጭ ጋ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። እኔ ነኝ የማወራው፤ ሳቂታ አንድ ነገር ጠይቃኝ ስለ እናቴና ስለ አንድ ሱሪ የመለስኩላት። ማውራቴንም ረስቼው ነበር።

«ይሄን እናደርጋለን» አለች አለቃ። «ምስሉ እንዳለ ይሁን፤ አፏ የሚንቀሳቀስበትን ብቻ እናውጣ። እናትየዋ ዝም ብላ ትሰፋለች፤ ከላይ ይሄ ወሬያችን ይሄዳል። የምታስታውሳቸው ድምፆች ይመስላሉ።»

«ግጥሜስ?»

«አዝማች፣ እናትህ አንኮራፋች እኮ።»

«ደክሟት ነው! ደክሟት ነው!»

ለመንኳቸው። አንዲት ስንኝ፣ አንዲት ብቻ። በኋላ ስንፈልግ አንዲት ተገኘች፦ እኔ የእናቴን ነጭ ጨርቅ ለብሼ ሐኪሙን ስጫወት ረጅሙ ሳቁን ሲያፍን ቁልፉን መጫን ረስቶ ኖሮ፣ «ልብሽን አየሁት ጓዳው ድረስ ወርጄ» ከነዜማው ተርፋለች። ከሥራዬ ሁሉ ለትውልድ የተላለፈችው እሷ ናት።

በማግሥቱ መምህራችንና ክፍሉ በሙሉ አዩት። ሐኪሙ ሲናገር ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ሐዘን እንዲሆን ነበር የጻፍኩት፣ ቢሆንም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። የሱሪው ወሬ ጋ ሲደርስ ግን ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። መብራቱ ሲበራ መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው «ለመሆኑ ይህን ንግግር የጻፈው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሦስቱም እኔን ጠቆሙ። ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨበጨበልኝ ለጽሑፌ ነው፤ ለዚያውም ላልጻፍኩት።

ማለፋችንን እንደሰማሁ ወደ ቤት በረርኩ። እናቴ እዚያው ናት፤ ሰማያዊው ክምር ቀንሷል። «አለፍን!» አልኳት። «እልል!» አለች ፔዳሉን እየረገጠች። ድራማው ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ ስልኬን ከጨርቁ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩላት። አላየችውም፤ ዓይኗ መርፌው ላይ ነው። ትሰማለች ብቻ።

የአለቃ ጩኸት አለፈ፤ ትክ ትክ። የሳቂታ ሳቅ አለፈ፤ ትክ ትክ፤ እናቴም ፈገግ አለች። ሐኪሙ ዘፈነ፤ ይባስ ብላ ፈጠነች። እኔ የክር ጥቅል ይዤ እንዳልተጨነቀ ሰው እየተረተርኩ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሳቂታ ከስልኩ ውስጥ ጠየቀች፦

«እናት ስታዝን ከማልቀስ ሌላ ምን ታደርጋለች? እኔ ማልቀስ ስጀምር ሳቄ ይመጣል።»

ከዚያም የኔ ድምፅ፣ ያለ ዜማ፣ ውሃ እየጠጣ፦

«እኔ እንጃ። የኔ እናት አታለቅስም። ክር የገባበትን መርፌ ክሩን ታወጣና መልሳ ታስገባዋለች። አባዬ የሞተ ሰሞን እንደዚያ ነበረች። ከዚያ የሱን ሱሪ አሳጠረችልኝ። ጨርቁን ግን አልቆረጠችውም፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችው። ‹ታድግበታለህ፣ ያኔ እንፈታዋለን› አለችኝ። ይኸው እስካሁን አላደግኩበትም። እጥፋቱ እንዳለ ነው። አንዳንዴ በእጄ እዳስሰዋለሁ።»

ፔዳሉ ቆመ።

ማስታወቂያ አልነበረም። ማስፈራሪያም አልነበረም። ሬዲዮው ዝግ ነው፤ እናቴ ነቅታለች፤ አረጋግጫለሁ። መኪናው ዝም፣ ቤቱ ዝም። ወደ መስኮቱ አየች። ከዚያ እጇ በራሱ ሄደና ክሩን ከመርፌው አወጣው፤ ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ መልሳ አስገባችው።

«ማን ነው እሱ የሚያወራው?» አለች ሳታየኝ።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ድምፅህ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ያ ሐኪም ግን ሰክሮ ነው?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ውይ በሞትኩት» አለች። ጨርቁን ከጭኗ ላይ አነሳች። «ሂድ፣ ሱሪውን አምጣ።»

«አላደግኩም እኮ።»

«አምጣ አልኩህ። እኔ ልለካህ።»

ሱሪውን ከሣጥኑ ላወጣ ወደ ጓዳ ስሄድ አንድ ስንኝ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች፤ ከነቤት መምቻዋ፣ ቆንጅዬ፣ ስለ እጥፋትና ስለ ዕድሜ። ከኋላዬ ፔዳሉ ገና አልጀመረም። አፌን ገጥሜ ዋጥኳት።