እናትህ ምን ይሠራሉ?

ይህ የገጠመኝ ዓምና ክረምት ላይ ነው። ጓደኞቼ «በጨዋታ የተገኘ ፍቅር በጨዋታ ይቀራል» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ያ ሳሎን ዓይኔ ላይ ይመጣል። ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ቀጨኔ ነው። ቀን ሞባይል እጠግናለሁ፤ ከሥራ መልስ ኮምፒውተሬ ላይ በኢንተርኔት የምጫወተው ጨዋታ አለኝ። ጠንቋይ፣ ዘንዶና ጎራዴ ያለበት ተረት መሰል ዓለም ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሙያ ይዞ ይገባል፤ እየሠራ፣ እየተዋጋ ያድጋል። ዋናው ነገር ግን ክላን የሚባለው የተጫዋቾች ቡድን ከሌላ ክላን የሚገጥምበት ፍልሚያ ነው። እዚያ የምትገጥመው ኮምፒውተሩን ሳይሆን እንደ አንተው አስቦና ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነው። የእኛ ክላን ሐበሻ ብቻ ነው። በማይክ እያወራን፣ እየተሰዳደብን እንጫወታለን።

የእኔ ሙያ ቀጥቃጭ ነው። ማዕድን ቆፍሬ፣ አቅልጬ ጎራዴና ጥሩር፣ ማለትም የብረት ልብስ፣ እሠራለሁ። ይህን ሙያ የመረጥኩት ሆነ ብዬ ነው። በእኛ አገር «ቀጥቃጭ» ስድብ ነው፤ እዚያ ግን ፍልሚያ ሲደርስ ሁሉም ደጅ የሚጠናው ቀጥቃጩን ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ፈዋሻችን ሴት ናት። የቆሰለውን የምታድነው እሷ ስለሆነች የጨዋታ ስሟን «ጠበል» ብላዋለች። እዚህም ጠበል እያልኩ ልቀጥል።

ጎረቤታሞች መሆናችንን ያሳወቀን የመብራት መጥፋት ነው። ልምምድ መሐል እኔ ጥፍት ስል እሷም አብራኝ ጥፍት ትላለች። የክላኑ ልጆች ተመሳጥረን የምንወጣ መስሏቸው ያኮርፉን ነበር። አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ሆኜ በስልክ «አንቺም ጋ ሄደ?» ብዬ ጻፍኩላት። «ሄደ፤ አንተ የት ነህ?» አለችኝ። ለካ እሷ ቁስቋም፣ እኔ ቀጨኔ፣ መስመራችን አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲሄድ እንደ ድሮው አልበሳጭም።

ክረምቱ ላይ ከባድ ፍልሚያ ተያዘልን። ተጋጣሚዎቻችን ውጭ አገር ያሉ፣ በመርዝ የታወቁ ክላን ናቸው። መርዙን መጀመሪያ የሚጥሉት ፈዋሽ ላይ ነው፤ ፈዋሽ ከወደቀች ሌላው ተራ በተራ ይረግፋል። ስለዚህ ለጠበል መርዝ የሚመክት ጥሩር መሥራት የእኔ ዕዳ ሆነ። ከባድ ብሠራላት ሮጣ አታመልጥም፤ ቀላል ብሠራላት መርዙ ያልፈዋል። ሠርቼ እሰጣታለሁ፣ ለብሳ ትቆማለች፣ በመርዝ በተነከረ ጎራዴ እመታታለሁ። ስትወድቅ እስቅባትና እንደገና አቅልጬ እሠራለሁ። ሰው በአበባ ይጀምራል፤ የእኛ ፍቅር የተጀመረው በድብድብ ነው።

በአካል የተገናኘነው እጽዋት ማዕከል ነው። ዛፎቹ ሥር ስንዞር ዋልን። ያን ቀን እናቴ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ነገርኳት። ኋላ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ ነው። ሳቀችና «ቀጥቃጭ የሆንከው ለካ ወደህ አይደለም፤ ዘር ከልጓም ይስባል» አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ፍርሃቴንም እዚያው ጣልኩት።

ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሲባል ከኋላው «ቡዳ» የሚል ቃል ይከተላል። ዓይናቸው ሕፃን ይበላል ይባላል። ትምህርት ቤት ሳለሁ ምሳቸውን ከእኔ ሸፍነው የሚበሉ ልጆች ነበሩ። አሁን ግን ዘመኑ ተለውጧል፣ ሰው ተምሯል ብዬ አምኜ ነበር።

ፍልሚያው ሳምንት ሲቀረው ጠበል፣ እናቷ «ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወሪው?» እያሉ እንዳስቸገሯት ነገረችኝ። መጥቼ እንዲያዩኝ ፈለገች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙዝና ብርቱካን ይዤ ሄድኩ።

እናቷ ደርባባ ሴት ናቸው። በር ድረስ ወጥተው ሳሙኝ። ምሳ ቀረበ፤ አፈርክ እንዴ እያሉ በእጃቸው አጎረሱኝ። ገና መራመድ የጀመረ የታላቅ እህቷ ልጅ ነበር፤ ጭኔ ላይ ወጥቶ የሸሚዜን ቁልፍ ካልነቀልኩ ብሎ ይታገላል። እኔ ልጅ ነፍሴ ነው። በልቤ ጨርሼ ተድሬ ነበር።

ሰፈሬን ጠየቁኝ፣ ቀጨኔ አልኳቸው። እናት አባት አሉ ወይ አሉኝ። አባቴ ማረፉን፣ እናቴ መኖሯን ነገርኳቸው።

«እናትህ ምን ይሠራሉ?»

«ሸክላ ትሠራለች» አልኩ።

ፊታቸው አልተለወጠም። ብቻ ተነሡና ሕፃኑን ከጭኔ ላይ አነሡት። «እንቅልፉ መጥቷል» አሉ። ልጁ እኮ እየሳቀ ነበር። ቁልፌን ጨብጦ አልለቅም ስላለ ትንንሽ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቋቸው። ጓዳ ይዘውት ገቡና በሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ የታሸ ጤና አዳም ሸተተኝ። ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎ ልጅ ላይ የሚደረግ ነው። ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝና ወለሉን አየሁ። ጠበልም ወለሉን ነበር የምታየው።

እናቷ ተመልሰው ወጡ፤ ስለ ዝናቡ አወሩኝ፤ ስሄድም እንደ ደንቡ በር ድረስ ሸኙኝ። አልሳሙኝም።

ጠበል እስከ አስፋልቱ አብራኝ ወረደች። አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ፣

«ሸክላ ባትል ምን ነበረበት?» አለችኝ። «ነጋዴ ናት ብትል። ቀስ ብዬ እኔ አስረዳት ነበር።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም። የተጠየቅሁት ስለ እናቴ ነው፣ የመለስኩትም ስለ እናቴ ነው። «በቃ ቻው» ብዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ሳምንቱን አልተደዋወልንም። ጥሩሩን ግን ጨረስኩት። እልህ ይሁን ፍቅር እስካሁን አላውቅም፤ ከሥራ ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ቁጭ እላለሁ፣ እሠራለሁ፣ አፈርሳለሁ። ሲያልቅ በጨዋታው በኩል ላኩላት። «ደረሰኝ» ብላ ብቻ መለሰች።

ቅዳሜ ከሰዓት ገጠምን። እንደጠበቅነው መርዙን ሁሉ እሷ ላይ አወረዱት። ጥሩሩ ቻለላት። እሷም እኔን ደጋግማ አዳነችኝ፤ መሪያችን ሌላውንም እይ እንጂ ብሎ እስኪቆጣ ድረስ ከእኔ ጎን አልጠፋችም። አሸነፍን። ልጆቹ በማይክ «ቀጥቃጩ ኑርልን» እያሉ ሲጮሁ የእሷም ማይክ ተከፈተ። ስትተነፍስ ሰማኋት። ማይኩን ዘግታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ውስጥ ገብታ አታውቅም። በማግስቱ ስልኬ ላይ «እማዬን ማስለቀስ አልቻልኩም፣ ይቅር በለኝ» የሚል መልእክት መጣልኝ። ብናደድ ይሻለኝ ነበር። ንዴቱ አልመጣ አለ፤ አንጀቴ ብቻ ነው የተቃጠለው።

እናቴ ፍቅረኛ መያዜን ታውቅ ነበር። መቼ ነው የምታመጣት እያለች ትጨቀጭቀኝ ነበር፤ እኔም እሺ እሺ እያልኩ ከረምኩ። በኋላ ግን ጭቅጭቁ ሰልችቶኝ «ተለያየን፣ ጠባያችን አልገጠመም» አልኳት። ለጠበል እናት ያልዋሸሁትን ለእናቴ ዋሸሁ።

ጓሮ ተቀምጣ ጭቃ እያሸች ነበር። ቀና ሳትል ቤታቸው ሄጄ እንደነበር ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ስለ ራሷ ጠይቀውኝ እንደሆነም ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«ሞታለች ብትላቸው ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አለችኝ።

ተቆጥታ ብትለው ይቀለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ለሚቀጥለው እንዲጠቅመኝ እየመከረችኝ ነበር። እጇም ሥራውን አላቆመም። ወደ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጠበልን አሁን አሁን ሳላስባት የምውልበት ቀን አለ። ስለ እናቴ የሚጠይቀኝ ካለ ዛሬም ሸክላ ትሠራለች እላለሁ፤ ሌላ መልስ የለኝም፣ አይኖረኝምም። ግን እኔም እንደ ድሮው አይደለሁም። ሕፃን ያለበት ቤት ስገባ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።