የከተራ ዕለት ያጠብኩት ፓምፕ

ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቆቃ በሚወስደው መንገድ፣ ባለቤቴ ሽንኩርት ያለማል። ቦዩ ከአዋሽ ነው የሚመጣው። ያው አንዱ ቦይ ለሽንኩርቱም፣ ለከብቱም፣ ለጥምቀቱም ይሆናል፤ ጥር ሲገባ ከታች በኩል ይገደብና ታቦት ከጎኑ ያድራል።

ለዓመት በዓል ቤት ይጸዳል። ቆሻሻ ዕቃ በዓል ሊያገኘው አይገባም፤ እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። በከተራ ጠዋት ድስቱንም ምንጣፉንም ሳጥብ፣ ባለቤቴ የተባይ መድኃኒት ሲረጭበት የሰነበተውን፣ በጀርባ የሚታዘለውን ፓምፕ ጨመርኩ። ከግድቡ ከፍ ብሎ ቦዩ ዳር ወሰድኩትና የተረፈውን መድኃኒት ዘቅዝቄ አፈሰስኩ። ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። ውኃው ነጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠራ። ለዓመታት እንዲሁ ነው የማደርገው፤ አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ታቦቱ ገና ሳይወርድ ጎረቤታችን መጣ። የአርሲ ሰው ነው፣ ሙስሊም፤ ፍየሎቹን ከዚያው ቦይ ነው የሚያጠጣው። ዛሬ ሳላጠጣ መለስኳቸው አለኝ፤ ግድቡ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል። ማን ፓምፕ እንዳጠበ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ፊቴን አየና አልተከራከረኝም። ሊሄድ ሲል ግን፣ "እህቴ፣ ፍየሎቼ ያልጠጡትን እናንተ ነገ ልትጠጡት ነው። ረቢ ይጠብቃችሁ" አለኝ።

ወዲያው ልጄን አሰብኩ። ልጄ ካገባችበት ከአዳማ በዚያው ቀን መጥታ ነበር፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሐኪም ቤት ተመላልሳ ሲደክማት፣ ዘንድሮ የጥምቀቱን ውኃ ከቦታው ልትጠጣ ተሳለች። ለባሏ የምትወስድበትንም ባዶ ጠርሙስ ይዛ ነው የመጣችው።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ውኃ ወራጅ ነው፣ ደግሞ ከተባረከ በኋላ ምን ይሆናል አለኝ። ሰው ፊት እንዳላወራም አስጠነቀቀኝ፤ "ጠበሉ መርዝ ነው አለች ይሉሻል።" እውነቱን ነው፣ ይሉኛል። የተገደበ ውኃ ግን ወራጅ አይደለም። እሱም ያውቃል።

በማግስቱ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ወደ ግድቡ ሲንቀሳቀስ፣ የንስሐ አባቴን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘኋቸው። ካህን ይሁኑ እንጂ እንደኛው ገበሬ ናቸው፤ ቲማቲም ያለማሉ።

"አባ፣ ትናንት ከላይ በኩል ፓምፕ አጥቤያለሁ። ዓሣው በእኔ ነው ያለቀው። ልጄ ደግሞ ልትጠጣው ነው" አልኩና አንገቴን ደፋሁ። እምነት የለሽም እንዲሉኝ ነበር የምጠብቀው።

ወደ ግድቡ ዞር ብለው አዩ። "የእኔንም ፓምፕ እዚያው ነው የማጥበው፣ ልጄ" አሉ።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ካህናት ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። የቤተ ክርስቲያኑ ሮቶ ውኃ በባልዲ እየተቀዳ በበርሜል ተሞላ፤ የተባረከው እሱ ሆነ። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዲት ሴትዮ "ዘንድሮስ በቧንቧ ተጠመቅን" ብላ አሳቀች። አባ ሰዉ ዝም እስኪል ጠብቀው፣ እግዚአብሔር ንጹሕ አድርጎ የሰጠንን ውኃ በእጃችን አበላሽተን እንደገና ባርክልን ማለት ድፍረት ነው አሉ። የማንንም ስም አላነሱም። ባለቤቴ ግን ዞር ብሎ አየኝ።

ልጄ ከበርሜሉ ጠጣች፣ ተጠመቀች። ቤት ስንገባ ሁሉንም ነገርኳት። "እማ፣ እኔ እኮ ትናንት እንደመጣሁ ግድቡ ጋ ፊቴን ታጥቤ ተጉመጥምጬበታለሁ" አለችኝ። ዋጥሽው ወይ ብዬ መጠየቅ አቃተኝ።

ቀኖናዬ ስግደት ይሆናል ብዬ ነበር። አባ ግን ሌላ ሰጡኝ። ከእንግዲህ ፓምፑን ቦይ ዳር አላጥብም፤ ውኃ በጀሪካን ቀድቼ ማሳው ድረስ ተሸክሜ እዚያ አጥባለሁ፣ እጣቢውንም እዚያው ሽንኩርቱ ላይ እረጨዋለሁ። የጎረቤቶቼንም ፓምፕ እንዳጥብ አዘዙኝ፤ እምቢ የሚልም አልጠፋም፣ እያሾፈ የሚያመጣልኝም አለ። አባም የራሳቸውን ጀሪካን ተሸክመው ሲያዘግሙ አያቸዋለሁ። በሽምግልናቸው ያሳዝኑኛል። ባለቤቴ በሥራዬ ይስቃል። ወገቤ ግን አይስቅም። አንዳንድ ቀን ቦዩ አጠገብ ቆሜ፣ ማን ያየኛል እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ተሸክሜ እሄዳለሁ።

ይኸው ሁዳዴ ገብቷል፤ ልጄ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሙ የሕፃኑ ልብ ደህና ይመታል ብሏታል፤ እሷም ታምነዋለች። እኔ ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጀሪካኑን መሬት አስቀምጬ፣ ከማንሳቴ በፊት አማትባለሁ።