አስራ ዘጠነኛው ሰው

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። ናፍቆት ባርናባስ ግን ይህን የሰማች አትመስልም፤ በአንድ እግሯ ምህንድስና፣ በሌላው ቢዝነስ ይዛ ሽቅብ ትወጣ ነበር። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በጣምራ ፕሮግራም የምትማር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አምስት ዓመቷን ስትጨርስ በሁለት ዲግሪ ትወጣለች። ትወጣለች ማለት፣ አጠቃላይ ነጥቧ ከሦስት ነጥብ ሃያ አምስት ካልወረደ ነው። ከወረደ ቢዝነሱ ይቀርና ምህንድስናውን ብቻ ይዛ ትቀጥላለች። የእሷ ነጥብ ደግሞ ሦስት ነጥብ ሃያ ሰባት ነበር። እንዲህ ተንጠልጥላ እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስዳት እሷና ፈጣሪዋ ናቸው የሚያውቁት።

አባቷ አቶ ባርናባስ፣ ከፍስሐ ገነት ከተማ አጠገብ ቡናና እንሰት ያላቸው ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሁለት ዲግሪ እንደምትይዝ መጀመሪያ ለጎረቤት አወሩ፣ ቀጥሎ ለዘመድ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ያለው ይነሳ ሲባል ብድግ ብለው ለጉባኤው በሙሉ ተናገሩ። ሃሌሉያ ተባለ። ገና ላልተያዘ ዲግሪ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ።

ታዲያ በዚያ ሳምንት አንድ የሒሳብ ኮርስ በምርጫ መውሰድ ነበረባት። ከሁለት አንዱን። አንደኛው ‹የቢዝነስ ሒሳብ› ነው። ሁለተኛው ‹ስቶካስቲክ ሂደቶች› ይባላል፤ መቼ እንደሚመጡ በእርግጠኝነት የማይታወቁ ነገሮችን የሚያሰላ የሒሳብ ዓይነት ነው። ምዝገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«ይሄም ምርጫ ሆኖ ያስጨንቃል?» አለቻት የዶርም ጓደኛዋ ኤልቤቴል። «የቢዝነስ ሒሳብ ማለት የአሥረኛ ክፍል ደብተርሽ ነው። ኤ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ስቶካስቲክን አምና ስድስት ልጆች ወስደው አራቱ ሲ ነው ያመጡት። አንቺ ደግሞ አንድ ሲ ካገኘሽ አለቀልሽ።»

እውነቷን ነው። ናፍቆትም የቢዝነስ ሒሳብን ልትወስድ ቆርጣ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት የዲላ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛት። ሮጣ የገባችበት ክፍል የስቶካስቲክ ማስተዋወቂያ የሚሰጥበት ሆነ እንጂ፣ እሷማ ፈልጋ አልሄደችም። አራት ተማሪ ተበታትኖ ተቀምጧል። መምህር ጥበቡ፣ ሸሚዛቸው በጠመኔ የነጣ ቀጭን ሰው፣ ከሰሌዳው ዘወር ብለው አዩዋት።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ስለ ሰልፍ እያወራን ነው። ተሰልፈሽ ታውቂያለሽ?»

«አሰልፌ ነው የማውቀው» አለች። ተማሪዎቹ ሳቁ። «የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ሠርቻለሁ።»

«ጎሽ። በሰዓት ስንት ሰው ትመዝኑ ነበር?»

«ሃያ።»

«የሚመጣውስ?»

«አስራ ዘጠኝ። አንዳንዴ ሃያም ይሞላል።»

«እንግዲያው በአማካይ ስንት ሰው ቆሞ ይገኛል?»

ናፍቆት ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም። «አንድ ወይ ሁለት። ሚዛኑ ይበቃላ።»

ይህን መልስ ስትሰጥ ያን ቀን የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንደኛ ዓመትን ጨርሳ የሁለተኛውን ጥሪ ስትጠብቅ፣ በለቀማው ወቅት ሰፈራቸው ባለው ጣቢያ ሥራ ይዛ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነሯ ብለው እየቀለዱ፣ ሁለተኛ ሚዛን ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቋት። ሃያ ይመጣል፣ ሃያ ይመዘናል፣ አንድ ይበቃል አለች። በአንድ ሚዛን ተሠራ። ከሰዓት ሲሆን የሰዉ ጆንያ መሬት ላይ ወረፋ ይይዛል፣ ባለቤቱ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ቀዩ እሸት ቡና ጆንያው ውስጥ እየጋለ ይጠብቃል። አንድ ቀን የአቶ ባርናባስ ተራ ሲደርስ ጆንያቸው ተከፈተና ቡናው ሞቆ መብላላት ጀምሯል፣ አንቀበልም ተባሉ። ናፍቆት ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ነበር። አባቷ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት ጆንያውን ተሸክመው ሄዱ። አምሽተው መጥተው ነው ብላ አዘነች።

መምህር ጥበቡ ሰሌዳው ላይ አንዲት አጭር ክፍልፋይ ጻፉ፤ የሚመጣው ሰው ቁጥር፣ የሚመዘነው ከሚመጣው በሚበልጥበት ሲካፈል። ክንድ አታክልም።

«ሰው እኩል እየተራራቀ አይመጣም» አሉ። «አንዴ አምስቱ አብረው ይደርሳሉ፣ አንዴ ሚዛኑ ባዶውን ይቆማል። ያ ባዶ የቆመበት ጊዜ ቀረ፤ ኋላ አታገኚውም። በሰዓት አስራ ስምንት ሰው ቢመጣ በአማካይ ዘጠኝ ሰው ቆሞ ታገኛለሽ። አስራ ዘጠኝ ቢመጣ ስንት ይመስልሻል?»

«አሥር?»

«አስራ ዘጠኝ።»

አንድ ሰው ተጨምሮ ሰልፉ በአሥር ረዘመ ማለት ነው። ናፍቆት በጣቷ ዴስኩ ላይ ደግማ ሠራችው። ልክ ነው።

«ሃያ ሲሞላስ?» አለች።

«ሃያ ሲሞላማ ሰልፉ እየረዘመ ይሄዳል እንጂ መቆሚያ የለውም።»

ዝናቡ ማባራቱንም አላወቀችም። ያ ሁሉ ጆንያ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ፣ ጥላ ስር ሆነው የሚጨቃጨቁ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም እዚያች ክፍልፋይ ውስጥ ነበሩ። ሚዛኑን፣ ፍስሐ ገነትን፣ አባቷን አይቶ የማያውቅ ሰው የጻፋት ነገር እንዴት የእነሱን ከሰዓት ታውቃለች? ፈራች። ደስም አላት። ሰው ቤተ መቅደስ ሲገባ እንደሚሆነው ዓይነት ነገር ነው የተሰማት፤ ከዚያ ደግሞ ‹አንድ ይበቃል› ያለችው ራሷ እንደነበረች ትዝ አላት።

ሐሙስን እንዲሁ ስትብሰለሰል ዋለች። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ የምዝገባውን ፎርም ይዛ ደጅ ወጣችና ወደ ቤት ደወለች።

«አባዬ፣ የዚያን ጊዜ ቡናህ የተመለሰው አምሽተህ አይደለም። አንድ ሚዛን ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

አስራ ስምንቱን፣ አስራ ዘጠኙን፣ ሃያውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አቶ ባርናባስ በሰልፍ ጉዳይ የሚያስረዳቸው አያሻቸውም፤ ወዲያው ገባቸው።

«አላመሸሁም ነበር?»

«አላመሸህም። ከሰዓት በየትኛውም ሰዓት ብትደርስ ያው ነበር።»

«እናትሽን እኮ ነው የወቀስኳት» አሉ ቀስ ብለው። «አረንጓዴውን ከቀዩ ስትለይ አስመሸችኝ ብዬ። ከዚያ ወዲህ ቡናውን አላስነካኋትም። ሁለት ዓመት።»

ናፍቆት ይህን አታውቅም ነበር።

«አባዬ» አለች፤ «ይህን የሚያስተምረው ትምህርት ከባድ ነው። ከወሰድኩት አንደኛው ዲግሪ ሊቀርብኝ ይችላል። አንተ ደግሞ ለሰው ሁሉ ተናግረሃል።»

«የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ መልሱንም እኔ እሰጣለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያሳይ ትምህርት ካለ ያንን ተማሪ። ቆይ፣ አትዝጊው።»

በአገራቸው ቋንቋ በጌዴኡፋ እናቷን ሲጠሩ ተሰማት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወደ መዝጋቢው መስኮት ሄደች። ፎርሙን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስክሪብቶዋን አወጣች። ስቶካስቲክ ከሚለው ጎን ምልክት ስታደርግ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ናፍቆት፣ አባትሽን ምን ብለሽው ነው? እዚህ ፊቴ ቆሞ ይቅር በይኝ ይለኛል።»

«ይቅር በይው እማዬ» አለች። «እኔንም።»