ተራራውን ያቃጠለው የብርቄ እሳት አይደለም

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ጾም መሻሬን፣ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን ስዘረዝር እንኳ ይህችን ዘልያት አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ፊቴንም አታዩትም። ለእናንተ የምናገረው ለዚህ ይሆን? ፈሪ ነኝና ይሆናል።

ወረታ ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከፎገራ ሜዳ በላይ ያለው ተራራ ተቃጠለ። ሕዝቡ ቅጠል እየቆረጠ፣ አፈር እየበተነ በስንት መከራ አጠፋው። የማን እሳት እንደሆነ ለመናገር ግን ማንም አልተቸገረም። ከተራራው ሥር ሸክላ ሠሪዎች ይኖራሉ፤ ሸክላቸውን የሚተኩሱት ደጃቸው ላይ በኩበትና በጭድ ነው። በዚያ ሰሞን የተኮሰችው ብርቄ የምትባል ሴት ነበረች። "የብርቄ እሳት ነው" ተባለ፤ አለቀ። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ የማይታማበት ነገር አለ? ከብት ቢሞት እነሱ፣ ልጅ ቢታመም እነሱ።

እኔ ግን አውቅ ነበር። እሳቱን የለኮሰው አጎቴ ነው። የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ከብቱ ወደ ተራራው ይወጣል። ሲደርስ ለጋ ሣር እንዲጠብቀው አሮጌውን ቀደም ብሎ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው፤ ቢከለከልም የሚተወው የለም። አጎቴ ቤቴ መጥቶ፣ ጋቢውን እያስተካከለ፣ "ሣሩን ብቻ ብየ ነበር የለኮስሁት፤ ንፋሱ ነጠቀኝ። እንግዲህ አንተው ታውቃለህ" አለኝ። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። በሬውን ሸጦ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ባበቃ "የሥጋ ነገር ነው፣ ምን ያድርግ" ትሉልኝ ነበር። አላበቃም።

ከመንግሥት ገንዘብ መጣ፤ ለእሳት ማጥፊያ መሣሪያ መግዣ፣ ደግሞም ተራራው ስለተራቆተ ጎርፉ ሳይቀድመን ክትር መሥሪያ። ከተቃጠለው ተዳፋት ሁለት ቦረቦር ይወርዳል፤ አንዱ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር፣ አንዱ ወደ ገበሬዎቹ የሩዝ ማሳ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ነው። በእግሬ ወጥቼ ያየሁት እኔ ነኝ። የሚያሰጋው የሰፈሩ እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ገንዘቡ ለየትኛው ይዋል ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ሸክላ ሠሪዎቹ አልተጠሩም፤ አለመጠራታቸውን ያየሁትም እኔ ነኝ። አንድ ሽማግሌ ተነሡና "ተራራውን ላነደደ ሰው ነው እንዴ የመንግሥት ብር የሚወጣ?" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ብናገር ነገሩ እዚያው ይገለበጥ ነበር። እኔ ምን አልኩ? "ሩዙ ይቅደም" አልኩ። ከዚያ ማሳ ውስጥ የአጎቴም ነበረበት።

ክትሩ ተሠራ። አምሮም ነበር፤ ከዞን የመጡ ሰዎች አይተው አመሰገኑኝ።

ሐምሌ ላይ፣ ብርቄ ሸክላዋን ይዛ ይፋግ ገበያ በሄደችበት ቀን፣ ዝናቡ ጣለ። ጎርፉ አመዱንና ድንጋዩን እየገፋ በሰፈሩ በኩል ወረደ። ዓይናቸው የደከመ እናቷ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ጎረቤት ደርሶ ከጭቃው ሲያወጣቸው ነፍሳቸው ወጥታለች።

ለቅሶ ደረስኩ። ብርቄ እንባዋ አልቆ ነበር መሰለኝ፣ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና፣ "ጌታው፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። የኔ እሳት እስከዚያ ድረስ ይዘላል? ውሃ አፍስሸበት ነበር እኮ። እናቴን የገደልኋት እኔው ነኝ?" አለችኝ።

"እግዜር ያውቃል" አልኳት።

እግዜርማ ያውቃል። እኔስ? እኔም አውቅ የለም ወይ? ክትሩን ለአጎቴ ስል ነፈግኋት እንበል፤ ይህችን አንዲት ቃል ለማን ስል ነፈግኋት? "አይደለሽም" ማለት ይበቃ ነበር። ግን "አይደለሽም" ካልኳት "ታዲያ ማነው?" ልትለኝ ነው። ያንን ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቅዟል፤ እኔንም አብሮ አነቀዘኝ።

አጎቴ አምና አረፈ። አሁን ከራሴ በቀር የምሸሽገው ሰው የለም። ብርቄ ከዚያ ወዲህ እሳት ስለምትፈራ ሸክላ መተኮሱን ትታ በሰው ማሳ ሩዝ እያረመች ትኖራለች። ሙያዋንም እንጀራዋንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በድያችሁ? ይቅርታው የእሷ ነው። እሷ ግን ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታገኘኝ ከመንገዱ ወረደችልኝ፤ አንገቷን ደፍታም "ጌታው፣ በኔ ጦስ ያን ሁሉ ደከሙ፤ ይቅር ይበሉኝ" አለችኝ።

እኔም "ይቅር ለእግዜር" ብያት አለፍኩ።