አሥራ አንድ ሺህ ደብዳቤ ለላኪው

ከተማው የሚያወራው እንዲህ ነው፦ የፖስታ ቤቷ እመት ፊርማ ምክር ቤት ገብታ የጤና ሚኒስትሩን በደብዳቤ ከረጢት ብላ ከነወንበራቸው ገለበጠቻቸው። በማግስቱ ሚኒስትሩ በመስኮት ወጡ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ካፌያችን ሲደርስ መስኮቱም አብሯቸው ወጥቶ ነበር።

እኔ ግን ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ጉልበቷን እያመማት አንድ ደረጃ ሦስት ጊዜ አርፋ የምትወጣ ሰው፣ ሠላሳ ኪሎ ከረጢት አንስታ ልትማታ? ሃያ ስድስት ዓመት በተመላሽ ደብዳቤ ክፍል ስትሠራ ስትጮህ የሰማት የለም። እመት ፊርማ ያሏት ሳታስፈርም መርፌ እንኳ ስለማታስረክብ ነው። ልጇንም ከአዋላጇ የተቀበለችው ተፈራርማ ነው ይባላል።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ እህቷ ነው። አሟት ሆስፒታል ብትሄድ፣ «ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ተጠርተሽ ስለቀረሽ ከመዝገብ ተሰርዘሻል፤ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነሽ» አሏት።

«እታለም ሙች፣ ማንም አልጠራኝም!» ብላ እህቷ ጋ መጥታ አለቀሰች።

«አውቃለሁ» አለች እመት ፊርማ። «አንቺ ሳትጠሪ ሰርግ የምትሄጂ፣ ተጠርተሽ ልትቀሪ!»

በነጋታው ክፍሏ ጥግ የተከመሩትን ሦስት ከረጢቶች ገለበጠች። የሚኒስቴሩ አዲስ ኮምፒውተር ከየአድራሻው ላይ የቤት ቁጥሩን ቆርጥሞ በልቶት፣ የጥሪ ደብዳቤዎቹ ሰፈር ለሰፈር ተንከራተው የተመለሱ ናቸው። የእህቷ ደብዳቤ ከሁለተኛው ከረጢት ወጣ። እነዚህኑ ከረጢቶች ሦስት ጊዜ ወደ ሚኒስቴሩ ወስዳ ነበር፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ግን አልቀበልም አለ።

«ደብዳቤዎቹን የፈረሙት ክቡር ሚኒስትሩ ናቸው። ከፈለግሽ ለሳቸው ስጪ!» ብሎ ቀለደባት።

እመት ፊርማ ቀልድ አይገባትም። በዚያው ሳምንት ሚኒስትሩ ለምርመራ ስላልመጡት ሴቶች ሊጠየቁ የምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ፣ ከረጢቶቹን ጋሪ ላይ ጭና ምክር ቤቱ በር ላይ ደረሰች።

«ወዴት ነው?» አለ ዘበኛው።

«ለሚኒስትሩ ፖስታ አለ።»

አምባሳደር ቆሞ እንዲፈተሽ የሚያደርግ ዘበኛ፣ ለፖስታ ሲሆን በሩን በሁለት እጁ ይከፍታል። ውስጥ ሚኒስትሩ፣ «እኛ በወጉ ጠርተናል፤ የቀሩት ግዴለሾቹ ሴቶች ናቸው!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ኮሚቴው ይህን ካመነ የሴቶቹ ስም እንደተሰረዘ ይቀራል፤ የእህቷም ጭምር።

«ይቅርታ ክቡር ሚኒስትር፣ ተመላሽ አለዎት። እዚች ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ስብሰባ ላይ ነኝ እኮ እናቴ! መዝገብ ቤት ስጪ።»

«እምቢ አሉኝ። የፈረመው ይረከብ ብለዋል።»

ሚኒስትር ማለት ወረቀት ሲዘረጋለት እጁ ጭንቅላቱን የሚቀድም ፍጡር ነው። ፈረሙ።

«ቆይ፣ ምን ላይ ነው የፈረሙት?» አለች የኮሚቴው ሰብሳቢ። «እስኪ አንብቢልን።»

እመት ፊርማ መነጽሯን ጠረገች። «‹የቤት ቁጥር ስላልተጻፈባቸው ለባለቤቶቹ ያልደረሱ አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አራት የምርመራ ጥሪ ደብዳቤዎችን ተረክቤአለሁ።›»

የአዳራሹ ዝንቦች እንኳ ጣሪያው ላይ ቆመው አዳመጡ ይላሉ።

«ታዲያ ክቡር ሚኒስትር፣» አለች ሰብሳቢዋ፣ «የቀሩት ሴቶቹ ናቸው ወይስ ደብዳቤዎቹ?»

ሚኒስትሩ ዓርብ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ቀልደኛው የመዝገብ ቤት ኃላፊም ተከተላቸው። ስረዛው ተሻረ፤ የጤና ሠራተኞች በር እያንኳኩ እያንዳንዷን ሴት በስሟ ጠሩ። እህትየዋም በሳምንቱ ተመርምራ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሐኪሟ «በጊዜው ደርሰንበታል» ብላታለች።

እኔም ወሬውን ከራሷ አፍ ልስማ ብዬ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መስኮቱ ስዘረዝርላት ማኅተሟን አስቀምጣ አየችኝ።

«ነጭ ውሸት! ማንንም አልመታሁም፣ ማንንም አልገለበጥኩም፣ ሰውየውም በገቡበት በር ነው የወጡት። ፖስታ ነበራቸው፣ አደረስኩ፤ በቃ።»