የማዳሜን ኩሳ ያመከንኩ እኔ ነኝ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በሳይንስ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም ብል ውሸት ነው፤ ቤይሩት ከመጣሁ ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ያሰለቸሁበት ጉራዬ ነው። አንድ ቀን የአበባን ክፍሎች ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ መልካበባውን፣ በዙሪያ የቆሙትን ወንዴዎች፣ መሃል ላይ የተተከለችውን ሴቴ እየጠቆምኩ ሳስረዳ መምህሩ አስጨብጭቦልኛል። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ተቋረጠ፤ ጭብጨባው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የምሠራበት ቤት መዝረዓ ሰፈር ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ፣ ከላዩ ጣሪያው ብቻ። አንድ የፀደይ ሰሞን ማዳሜ የራሴን አትክልት እበላለሁ ብላ ባዶ የቀለም ባልዲዎች ውስጥ ኩሳ ዘራች። ኩሳ ውስጡ ተፈልፍሎ ሩዝና ሥጋ የሚሞላበት፣ የዱባ ታናሽ ወንድም የሚመስል አትክልት ነው።

«ማን ይንከባከበዋል?» ስትል አፌ ቀደመኝ።

«እኔ! እኔ ያኒ፣ ማለቴ አበባ ተምሬያለሁ፣ ማዳም።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ዩኒቨርሲቲ?»

«ከዚያ በፊት» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ኩሳው በቀለ፤ እንደ ጡሩምባ የተከፈቱ ቢጫ አበቦችም አወጣ። አንዳንዶቹ ከሥራቸው ጣት የምታህል ኩሳ ይዘዋል፤ ሌሎቹ ቀጭን አገዳ ላይ ባዷቸውን ቆመዋል። እኔ ሰሌዳ ላይ የሳልኳት አበባ ወንዴም ሴቴም አንድ ላይ ያሏት ስለነበረች፣ አበባ ሁሉ እንደ እሷ ነው ብዬ አምን ነበር። ባዶዎቹን ሳይ «እነዚህ በልተው የማይሠሩ ሰነፎች ናቸው» አልኩና በየማለዳው እየለቀምኩ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። ማዳሜ ምን እያደረግሽ ነው ስትለኝ «ጉልበቱ ወደ ፍሬው እንዲሄድ ነው» ብዬ አስረዳኋት። «ብራቮ!» አለችኝ። ያን ቀን ቤቱን ስጠርግ መጥረጊያውን የያዝኩት እንደ መምህር ዘንግ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትንንሾቹ ኩሳዎች አንድ በአንድ ቢጫ እየሆኑ፣ ጫፋቸው እየበሰበሰ ይረግፉ ጀመር። ውሃ ጨመርኩ። ውሃ ቀነስኩ። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ሥራቸው ላይ ነሰነስኩ። እሁድ ባውሽሪዬ በሚባል ሰፈር ለጸሎት በምንሰበሰብበት የኪራይ አዳራሽ የጸሎት ርዕስ ያላችሁ ሲባል እጄን አወጣሁና «ለኩሳ ጸልዩልኝ» አልኩ። በቅርብ የመጣች፣ ዐረብኛ ገና ያልገባት እህት ኩሳ የአሠሪዬ ልጅ መስላት «ጌታ ሆይ፣ ኩሳን ከአልጋዋ አንሣት!» እያለች በእንባ ጸለየች። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ። ምን ላድርግ?

በዚያው ሳምንት የማዳሜ እናት ከተራራው መንደራቸው መጡ። ቴታ እንላቸዋለን፤ አያት ማለት ነው። ክንዴን ይዘው ወደ ጣሪያው ወጡና ባልዲዎቹን ዞረው ዞረው አዩ።

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ ወንዶቹ የት ሄዱ?»

«ሙስዩ ሥራ ነው፣ ቴታ» አልኩ፣ ስለ ማዳሜ ባል የጠየቁኝ መስሎኝ።

«የኩሳውን ወንዶች ነው የምልሽ!»

እኔ ሳላየው የቀረ አንድ ባዶ አበባ ቀንጥሰው መልካበባውን ገፈፉት። ውስጡ አንድ ቢጫ ዘንግ ብቻ ቆሟል፤ ጣታቸውን አስነክተው ብናኙን አፍንጫዬ ላይ ቀቡኝ። «ወንዱ ይሄ ነው።» ከሥሯ ኩሳ የያዘችውን ደግሞ አሳዩኝ፤ ውስጧ ብናኝ የለም፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው ያለው። «ሴቷ ይቺ ናት። ዱባም እንደዚሁ ነው። የዚህ ብናኝ እሷ ላይ ካልደረሰ ፍሬዋ አይያዝም። ወንዶቹን ምን አደረግሻቸው?»

«ጣልኳቸው።»

ቴታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ርክበ ብናኝ የሚለውን ቃል ከነትርጉሙ በቃሌ አውቀዋለሁ። በየማለዳው ስጥል የከረምኩት ያንኑ መሆኑን ግን አላወቅኩም። ቤት ስታጸጂ እንደምትውይ ብቻ ሰው ሲያውቅሽ፣ ሌላም ነገር አውቃለሁ ማለት ያምርሻል፤ እኔ ያማረኝ ኩሳ ፈጀ።

ሳቁን ሰምታ ማዳሜ ወጣች። ቴታ ሳቃቸውን ውጠው የያዙትን አበባ ኪሳቸው ከተቱ። ሊሸፍኑልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ እሱ ደግሞ ባሰብኝ።

«ማዳም፣ ኩሳውን ያመከንኩት እኔ ነኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ብራቮ» አለች፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ ተያት» አሏት ቴታ። «እዚህ ከፍታ ላይ ንብም የለ። ንቧ እሷ ትሆናለች።»

ማዳሜ ጉንጯን የምትቀባበትን አሮጌ ብሩሽ ሰጠችኝ። አበቦቹ በጠዋት ተከፍተው ከቀትር በፊት ስለሚዘጉ፣ ገና ቁርስ ሳላቀርብ ወጥቼ ከወንዱ ብናኝ እየወሰድኩ ሴቶቹን እቀባ ጀመር። ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት አበባ ስኳኩል ስታየኝ ባሏን ጠርታ አሳየችው። በሳምንቱ አንዷ ኩሳ ቢጫ ሳትሆን ወፈረች። በእጄ ዳስሼ አልበቃኝም፤ ጎንበስ ብዬ ሳምኳት።

ኩሳው የተሞላ ዕለት እኔ ስፈለፍል ቴታ ወጥ ቤት አጠገቤ ተቀመጡ። ዝም ብል ይሻል ነበር።

«ቴታ፣ ሩዙ ከአበባ ነው የመጣው። ቲማቲሙም፣ ምስሩም፣ ቡናውም። የለበስነው ጥጥ እንኳ! በጉም የበላው ሣር ያብባል። አበባ ባይኖር ተርበን ራቁታችንን እንቀር ነበር። ከጨው በቀር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሁሉ የአበባ ነው።»

ቴታ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ሩዙ ላይ ሊበተን ከተጠበሰው ስኖባር፣ ከጥድ ፍሬው ማለቴ ነው፣ አንዲት አነሡ።

«ይቺስ?»

«እሷም ከአበባ ናት።»

«መንደራችን ዙሪያውን ስኖባር ነው። ፍሬው እንደ እንጨት ከደረቀ ኳስ ውስጥ ተፈልቅቆ ይወጣል እንጂ፣ ይኸው እስካረጅ ዛፉ አንዲት አበባ ሲያወጣ አላየሁም።»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። እሳቸውም ፍሬዋን አፌ ውስጥ ጣሏት። ሳኝክ ዝም እላለሁ ብለው ይመስለኛል።